ባለ 86 ተከላካይ ይዘህ ለምን ጎል ይገባብሃል?

አብሽር ወንድሜ፣ ችግሩ ያንተ ብቻ አይደለም። ጥያቄህ «ፊፋ 23 በተባለው የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም ላይ ባለ 86 ነጥብ የመሃል ተከላካይ ይዤ፣ ባለ 81 የያዘው ጓደኛዬ ለምን ያሸንፈኛል? የትኛውን ቁጥር ልይ?» ነው። እኔም በዚሁ ብዙ ተቃጥያለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

የለመድኩት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ ጌም ቤት ነው። የተሸነፈ ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሳል። እዚያ ብዙም አልነሳም ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ከጓደኞቼ ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ከዚያ ልጆች ጋር ተጋጠምን። 4 ለ 1 ተሸነፍኩ። አራቱም ጎል አንድ ዓይነት ነው። ኳስ ከተከላካዮቼ ጀርባ ይጣላል፣ አጥቂው ይፈተለካል፣ የኔ ግዙፍ ተከላካይ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ማታ ቤት ገብቼ የተጫዋቹን ዝርዝር ቁጥር ከፈትኩ። አክስለሬሽኑ፣ ማለትም ከቆመበት የሚነሳበት ፍጥነት፣ 50 እንኳን አይሞላም።

ታዲያ 86 ከየት መጣ? የመሃል ተከላካይ ትልቁ ቁጥር፣ ኦቨራል የምንለው፣ ሲሰላ ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ የለውም። በዋናነት የሚቆጠሩት ነጠቃ፣ አቋቋም፣ ኳስ ማቋረጥ፣ የጭንቅላት ኳስና ጉልበት ናቸው። ስለዚህ ኤሊ የሆነ ተከላካይም 86 ሊሆን ይችላል። የጓደኛህ ባለ 81 ፈጣን ከሆነ፣ ከጀርባ በሚጣል ኳስ ላይ ካንተው ይሻላል።

የተጫዋቹ ነጥቦች ባጭሩ በሚታዩበት ካርድ ላይ ዲፌንዲንግ (መከላከል) ተብሎ የሚጻፈውም ቢሆን የአምስት ነገሮች ድምር ውጤት ነው፦ ዲፌንሲቭ አዌርነስ (አቋቋም)፣ ስታንዲንግ ታክል (ቆሞ መንጠቅ)፣ ስላይዲንግ ታክል (ተንሸራቶ መንጠቅ)፣ ኢንተርሴፕሽን (ኳስ ማቋረጥ) እና የጭንቅላት ኳስ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ። ሁለት ተከላካዮች አሉ እንበል። አንዱ በጭንቅላት 88፣ ተንሸራቶ በመንጠቅ 84፣ በአዌርነስ ግን 76 ነው። ሌላው በጭንቅላት 72፣ በመንሸራተት 74፣ በአዌርነስ 86 ነው። ካርዱ ላይ ሁለቱም 82 ሆነው ሊታዩህ ይችላሉ። እኔ ዓይኔን ሳላሽ ሁለተኛውን እወስዳለሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አንተ በአንድ ጊዜ የምታንቀሳቅሰው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስታንዲንግ ታክል የሚጠቅምህ በአብዛኛው ያንን ሰው ይዘህ የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ላይ ያለችውን ክብ ቁልፍ ስትጫን ነው። ሌሎቹን ሦስት ተከላካዮች የሚያንቀሳቅሳቸው ጌሙ ራሱ ነው። የት ይቁሙ፣ ማንን ይያዙ፣ መቼ ወደኋላ ይመለሱ የሚለው ላይ ዲፌንሲቭ አዌርነስ ትልቅ ሚና አለው። ድሮ ማርኪንግ ይባል የነበረው ነው፤ ፊፋ 20 ላይ ስሙን ቀየሩት። እኔ ለዓመታት የምገዛው ታክሉን አይቼ ነበር። ጎል የሚገባብኝ ግን እኔ ባልያዝኩት ሰው በኩል ነው።

ሪአክሽንስን፣ ማለትም ፈጥኖ ምላሽ መስጠትንም አትርሳ። ዲፌንዲንግ ውስጥ ስለማይቆጠር ብዙ ሰው አያየውም። በረኛው የመለሳት ወይም ተነጥቃ የተረፈች ኳስ ላይ ማን ቀድሞ ይደርሳል የሚለውን እሱ ይነካዋል። 80 ያልሞላውን የመሃል ተከላካይ እኔ አልይዝም።

ጉልበትና አግሬሽን (ኃይለኝነት) ለትከሻ ለትከሻ ግፊያ ነው። ቁመት ለማዕዘን ምት ይጠቅማል፤ የሆላንዱ ተከላካይ ቫን ዳይክ 1.93 ሜትር ሆኖ ሲዘል ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ግን ሁለቱም የመሃል ተከላካዮችህ ግዙፍ እንዲሆኑ አትፈልግ። አንዱ ረጅምና ጉልበተኛ፣ ሌላው ፈጣን ይሁን። የመስመር ተከላካይ ላይ መጀመሪያ ፍጥነቱንና ስታሚናውን (ሳይደክም የመሮጥ አቅሙን) እይ። ሲወጣ ሲመለስ ይውላልና ስታሚናው ካነሰ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ በዚያ በኩል በር ይከፈታል። በተከላካይ አማካይ ላይ ደግሞ ኢንተርሴፕሽን ቅድሚያ ይሰጠው። ፈረንሳዊው አማካይ ካንቴ 1.68 ሜትር ብቻ ሆኖ የስንቱን ቅብብል ያቋርጥ እንደነበር ታስታውሳለህ።

አንድ ነገር ግን በቁጥር አይድንም። አር ዋን (R1) የሚባለውን ቁልፍ ተጭነህ የምትቆይ ከሆነ፣ ሁለተኛው ሰው ቦታውን ለቆ ኳስ ወደያዘው ይሮጣል፤ ጥሎት የሄደው ክፍተት ላይ ቅብብል ይገባል። እኔ የተሻሻልኩት እሱን ትቼ ኤል ቱ (L2) የሚባለውን ቁልፍ ይዤ ፊት ለፊት እየተጋፈጥኩ ወደኋላ መመለስ ስለምድ ነው። አጥቂው ኳሷን ራቅ አድርጎ ሲነካት ያኔ ንጠቅ። መጀመሪያ ያስጨንቃል። ከአሥር ጨዋታ በኋላ ግን እጅህ ይለምደዋል።

አሁን የባለ 86ህን ዝርዝር ክፈትና አክስለሬሽን፣ ስፕሪንት ስፒድ (የሩጫ ፍጥነት)፣ ዲፌንሲቭ አዌርነስና ሪአክሽንስ ስንት ስንት እንደሆኑ እዚህ ጻፍልኝ። የጓደኛህንም ጨምር። ከጎኑ ማንን ብታሰልፍ እንደሚሻል አይቼ እነግርሃለሁ።