ስክሪኑ አልቆም ላላችሁ

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይለመድም፣ መልሱም በአንተና በአንቺ ነው። ወሬያችን ስለ ሊኑክስ ተርሚናል ነው፣ ኮማንድ (ትእዛዝ) እየጻፍን ኮምፒውተሩን የምናዝበት መስኮት። ኮማንዶቹን ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያውም በትንንሹ ይሁን።

ከሳቢያን፦ ኮማንድ ስሰጥ ውጤቱ እየሮጠ ያልፈኛል። ወደ ላይ ስመልሰው መጀመሪያው የለም።

አትሩጥ አቦ፣ አስቁመው! ከኮማንዱ ቀጥሎ ያችን የቆመች መስመር | (ፓይፕ የምንላትን) አድርግና ሌስ (less) ብለህ ጻፍ። ገጽ በገጽ ይመጣልሃል። ስፔስ ወደፊት፣ ቢ ወደኋላ፣ ኪው መውጫ። ስላሽ (/) መትተህ ቃል ከጻፍክ ይፈልግልሃል፣ ኤን ስትጫን ወደሚቀጥለው ይዘላል። ሞር (more) የሚባል ታላቅ ወንድሙም አለ፤ ሌስን የለመደ ሰው ግን ወደ እሱ የሚመለስበት ምክንያት አይታየኝም።

ከከዚራ፦ ውጤቱን በግሬፕ (grep፣ የምፈልገው ቃል ያለበትን መስመር ብቻ በሚያወጣው) ላጣራ ብል ስክሪኑ አሁንም በስህተት መልእክት ይሞላል። ግሬፕ ተበላሽቶ ይሆን?

ግሬፕ ምንም አልሆነም። አንድ ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ 1 ቁጥሩ ለውጤት፣ 2 ቁጥሩ ለስህተት መልእክት፣ እና ፓይፕ የሚይዘው 1 ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ሌላው ግሬፕን ሳይነካ ቀጥታ ስክሪንህ ላይ ያርፋል። ከፓይፑ በፊት 2>&1 ጨምር፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ቦታው ወሳኝ ነው፦ ከግሬፕ ኋላ ካደረግከው የምታዞረው የግሬፕን የራሱን ስህተት ነው። ባሽ (bash፣ ኮማንድህን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ላይ |& ብትልም ያው ነው። ስህተቱን ጭራሽ ዝም የሚያሰኙም አሉ፤ እኔ አልወደውም፣ ነገር ሲበላሽ የሚናገረው እሱ ነዋ።

አንዲት የሐረር አንባቢ፦ ከሰርቨር ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ላይ አድራሻዎቹን ብቻ አውጥቼ ፋይል አደረግኳቸው። የትኛው እንደሚበዛ ለማወቅ ዩኒክን (uniq፣ ተመሳሳይ መስመሮችን አንድ የሚያደርገውን) ከመቁጠሪያው -ሲ ጋር ብጠቀም አንዱ አድራሻ አሥር ቦታ ተበትኖ ይቆጠራል።

ዩኒክ የሚያየው ጎን ለጎን ያሉ መስመሮችን ብቻ ነው፣ ተራርቀው ከተቀመጡ አያገናኛቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ደርድሪያቸው፦

ሶርት አድራሻ | ዩኒክ -ሲ | ሶርት -ኤንአር | ሄድ

በእንግሊዝኛ ፊደል፦ sort አድራሻ | uniq -c | sort -nr | head። «አድራሻ» ያልኩት የፋይልሽን ስም ነው። ሁለተኛው ሶርት በቁጥር፣ ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረድራል፤ ሄድ የላይኞቹን 10 ብቻ ያሳይሻል።

ከመጋላ፦ ውጤቱን እያየሁ ፋይል ላይም ማስቀመጥ ይቻላል?

ይቻላል። ፓይፕ፣ ቲ (tee)፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። ፋይሉ ቀድሞ ካለ ከቲ ቀጥሎ -ኤ (-a) ጨምርበት፤ አለዚያ የድሮውን ሳይጠይቅህ ያጠፋዋል።