«ከበሮ መትቶ ምን ይበላል?» ላልሽው እናት

ጥያቄሽን አየሁት። ልጅሽ 12ኛ ክፍል ሊጨርስ ነው፣ ሒሳብም ጎበዝ ነው፤ ግን «ዘመናዊ ክላሲካል ሙዚቃ እደርሳለሁ፣ የምት መሣሪያም እጫወታለሁ» ብሎ ሌላ አልሰማ አለ። እንጀራ ይሆነዋል ወይ ነው ያልሽው።

እህቴ፣ አብሽሪ። ደሴ ላይ ድራም እየመታሁም እያስተማርኩም የኖርኩ ሰው ነኝ። ድርሰት ብቻውን አያበላውም። የሚያበላው መምታቱና ማስተማሩ ነው፣ ድርሰቱን በዚያ ገንዘብ ያኖረዋል። ይህ ደግሞ የኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክ ድራም መማር የጀመረው በ14 ዓመቱ ነው። ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ገብቶም ታክሲ ነድቷል፣ እንደሱ የሙዚቃ ደራሲ ከሆነው ከጓደኛው ከፊሊፕ ግላስ ጋር የሰው ዕቃ አጓጉዟል። ፑሊትዘር የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ሽልማት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ያኔ 72 ዓመቱ ነበር።

የሠርግ ሥራን ተስፋ አድርጎ ከሆነ ይቅርበት። ዛሬ አንድ ኪቦርዲስት ድራሙንም ቤዙንም በሣጥኑ ይዞ ይመጣል። ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ዓመትማ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው! ማስተማር ግን ዓመቱን ሙሉ አለ።

ዋናው ነገር ኖታ፣ የሙዚቃ ጽሕፈቱ ነው። ጥሩ መቺ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል፤ የመታውን ጽፎ ለሌላ ሰው መስጠት የሚችል ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አሁኑኑ፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚጀምርበትን ልንገርሽ። ራይክ እ.ኤ.አ. በ1970 ጋና ሄዶ ኤዌ ከሚባለው ሕዝብ ከበሮ መቺዎች ተማረ፤ በ1972 ደግሞ ለሁለት ሰው ጭብጨባ ብቻ አንድ ሥራ ጻፈ። ሦስት ጊዜ አጨብጭብ፣ አንድ ዝም። ሁለት አጨብጭብ፣ አንድ ዝም። አንድ አጨብጭብ፣ አንድ ዝም። ሁለት አጨብጭብ፣ አንድ ዝም። ዝምታው ተቆጥሮ 12 ይሞላል። አንደኛው ሰው ይህንኑ ሳይነቃነቅ ይደግማል። ሌላው ከተወሰነ ድግግሞሽ በኋላ አንድ ምት ወደፊት ይዘላል፣ እንደገና ይደግማል፣ እንደገና ይዘላል፤ በ12ኛው ዝላይ ሁለቱ መልሰው ይገጥማሉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይሞክረው።

ተማሪዎቼ ላይ ያየሁት ይህ ነው፦ መንዙማ እየሰሙ ያደጉት ልጆች የመጀመሪያውን ድርሻ ወዲያው ይይዛሉ፣ ማንም አያስታቸውም። የሚዘለው ድርሻ ላይ ግን ወረቀት ካላዩ ሦስተኛው ዝላይ ሳይደርስ ይጠፋባቸዋል። ጆሯቸው ሞልቶ ሳለ የጎደላቸው ንባብ ነው። ልጅሽ ሒሳብ ከወደደ ይህ አይከብደውም።

ሙሉ ድራም እንዳትገዥለት። ጎረቤት ያጣላል፣ ገንዘቡም ብዙ ነው። የጎማ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቸንክሮ በሁለት ዱላ ይለማመድ፤ ሜትሮኖም፣ ማለትም ፍጥነት ጠብቆ የሚቆጥርለትን፣ ስልኩ ላይ ያገኛል። ማሪምባና ቲምፓኒ የሚባሉትን ትልልቅ የኦርኬስትራ ምት መሣሪያዎች ደሴ ላይ አይቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አይናፍቃቸው። ከበሮአችንም ቢሆን ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፤ ሁለት ድምፅ ይዞ ብዙ መጻፍ ይቻላል። ባቲና አምባሰል ቅኝታቸው በየመድረኩ ይጠራል፣ የአካባቢያችን ምት ግን በኖታ የሰፈረው ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር።

ትምህርቱን በሚመለከት፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ችላ እንዳይል። ቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ዲግሪ ይሰጣል፤ ዲግሪው ደግሞ ኋላ ለማስተማር ይጠቅመዋል። ሙዚቃ አልቀና ቢለው እንኳ ውጤቱ ሌላ በር ይከፍትለታል። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

እስከዚያው ሠፈራችሁ ሠርግ ላይ የሚመታውን አንድ ምት ሰምቶ ለሁለት ከበሮ የሚሆን ሁለት ደቂቃ ያህል ይጻፍ፤ ሁለት ጓደኞቹ ከወረቀቱ ያንብቡና ይምቱት፣ እሱ አይንካው። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ የሀረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይምጣ፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ፣ ክፍያ አልጠይቅም። ከመምጣቱ በፊት ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ አለብኝ።