እናትሽን ይዘሽ ፓታዳካል ከሄድሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። እናትሽ ባንጋሎር ሕክምናቸውን ጨርሰው አዲስ አበባ ከመመለሳቸው በፊት፣ ፓታዳካል፣ ማላፕራብሃ ወንዝ ዳር ያሉትን ጥንታዊ የሂንዱ መቅደሶች ልታሳያቸው ፈልገሻል። ይከብዳቸዋል ወይ፣ ክርስቲያን ይገባል ወይ፣ የነቢያት ጾም ላይ ስለሆኑ ምን ይበላሉ፣ እንደ ላሊበላ የተፈለፈለ ነው ወይ ብለሻል። ዳርዋድ ስማር ቦታው ቅርቤ ስለነበር እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በቅድሚያ ሐኪማቸው ረጅም መንገድ ይፍቀድላቸው። ከባንጋሎር 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀልድ አይደለም። እሺ ካለ ግን ሂዱ። መኪናውን ተዪው፤ ማታ ባቡር ተሳፍራችሁ፣ እየተኛችሁ አድራችሁ፣ ጠዋት ባዳሚ የምትባለው ከተማ ውረዱ። ትኬቱን ስትቆርጪ የታችኛውን አልጋ ያዢላቸው። ማረፊያም ባዳሚ ይሁን፤ ፓታዳካል ራሱ ትንሽ መንደር ነው። ከባዳሚ 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ እነሱ አውቶ የሚሉትን ባጃጅ ለግማሽ ቀን ተኮናተሪ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ፣ መጠበቂያውንም ጨምሮ።

ለእናትሽ ጉልበት ከባዳሚ ይልቅ ፓታዳካል ይቀላል። ባዳሚ ደረጃ ነው፣ ዝንጀሮውም ፌስታል ይነጥቃል። ፓታዳካል ግን ሜዳ ነው። ሣር ላይ መቅደሶቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፣ ዛፍ ጥላ ሥር አረፍ እያሉ ማየት ይቻላል። ፓፓናታ የሚባለው ብቻ ራቅ ይላል፤ ከደከማቸው አንቺ ብቅ ብለሽ ተመለሺ። ጄይን የሚባለው የሌላው የሕንድ እምነት መቅደስ ደግሞ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው፣ ለእሳቸው ይቅርባቸው።

የላሊበላው ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ፓታዳካል የተፈለፈለ አይደለም፣ ተጠርቦና ተደርድሮ የታነጸ ነው። የተፈለፈሉት የባዳሚ ዋሻዎች ናቸው፤ አራት ሲሆኑ ሦስተኛው ላይ 578 የሚል ዘመን ተቀርጾ ይገኛል። ላሊበላን በእውነት የሚያስታውሰው ሩቅ ማሃራሽትራ ውስጥ፣ ኤሎራ ያለው ካይላሳ የሚባል መቅደስ ነው። ከላይ ወደ ታች ከአንድ ዐለት የወጣ። እሱ ደግሞ ፓታዳካል ያለውን ቪሩፓክሻ የሚባል መቅደስ አይተው የሠሩት ነው ይባላል። ስለዚህ አባትየውን ልታዪ ነው የምትሄጂው።

አሁን ታሪኩ፣ እናትሽ የሚወዱት ይሄን ነው። ፓታዳካል እንደኛ አክሱም የነገሥታት ዘውድ መጫኛ ነበር፣ የባዳሚ ቻሉክያ ነገሥታት። ወንዙ እዚያ ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፣ ለእነሱ ደግሞ ያ አቅጣጫ የተቀደሰ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የቻሉክያው ንጉሥ ዳግማዊ ቪክራማዲትያ ደቡብ ወርዶ የተቀናቃኞቹን የፓላቫ ነገሥታት ከተማ ካንቺን ያዘ። ካንቺ ያለውን ትልቅ መቅደስ ግን አልዘረፈም፣ ሀብቱን መልሶለት ይህንኑ ድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ንግሥቲቱ ሎካማሃዴቪ ለድሉ መታሰቢያ 740 አካባቢ ቪሩፓክሻን አሠራች። እህቷ ትራይሎክያማሃዴቪም የዚሁ ንጉሥ ሚስት ነበረችና እዚያው ጎን ማሊካርጁናን አስገነባች። ሁለት እህትማማች፣ አንድ ባል፣ ጎን ለጎን ሁለት መቅደስ። እኔ ያመጣኋቸው እናቶች ከሥነ ሕንጻው ሁሉ ይሄን ነው ይዘው የሄዱት!

ብዙ ሰው አንድ ሰዓት ዞሮ፣ ፎቶ ተነስቶ "ሁሉም አንድ ነው" ብሎ ይወጣል። አንድ አይደለም። ሳንጋሜሽዋራና ጋላጋናታ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ መሐላቸው ቁሙና ቀና በሉ። የሳንጋሜሽዋራ ጣሪያ ፎቅ በፎቅ እያነሰ በደረጃ ይወጣል፣ ያ የደቡብ ሕንድ አሠራር ነው። የጋላጋናታ ግን ጎኑ እየጎበጠ ሽቅብ ይሾላል፣ ያ የሰሜኑ ነው። ሁለቱ ወጎች እንዲህ በአንድ ግቢ መገናኘታቸው ነው ቦታውን ልዩ የሚያደርገው፣ ዩኔስኮም በ1987 የመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ይቺን ካወቅሽ ሌላውን ራስሽ ትለያለሽ።

ቪሩፓክሻ የሚያየው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወንዙ ነው። ስለዚህ ማለዳ ድረሱ። ከፊቱ ባለው አዳራሽ ናንዲ የሚሉት ትልቅ ጥቁር የድንጋይ በሬ ተኝቷል። ውስጥ ስትገቢ ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሺ። ምሰሶዎቹ ላይ የሁለቱ ታላላቅ የሂንዱ ጥንታዊ ግጥሞች፣ የራማያናና የማሃባራታ ታሪክ በረድፍ በረድፍ ተቀርጿል፣ ምስሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጠጋ ማለት ይፈልጋል። የአጋንንቱ ንጉሥ ራቫና የአምላካቸውን የሺቫን ተራራ ተሸክሞ ሲነቀንቅ አያምልጥሽ። የዋናው ጠራቢ ስምም ጽሑፍ ላይ ተቀምጧል፣ ጉንዳ ይባላል። የኛን የላሊበላ ጠራቢዎች ስም ብናውቅ እንዴት ደስ ባለን።

መግባቱን በተመለከተ፣ ማንም ሃይማኖትሽን አይጠይቅም። አምልኮ ያለው በዋናነት ቪሩፓክሻ ውስጥ ነው፣ ሌሎቹ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። ጫማ ይወልቃል፣ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ካልሲ ግን ያዙ፤ ድንጋዩ ሲረፍድ እግር ይፈጃል። ካህኑ የእሳት ሳህን ወይ ቀይ ዱቄት ካቀረበ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ ፈገግ ብለሽ እለፊ። አይቀየምም። እናትሽ "ጣዖት ቤት አልገባም" ካሉ አትጨቅጭቂያቸው። ከቅርጹ ብዙው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፣ በሣሩ እየዞሩ ሁሉንም ያያሉ።

ምግብ ላይ ተጠንቀቂ። ሕንድ "ቬጅ" ማለት የጾም ማለት አይደለም፣ ቅቤና እርጎ አለበት። የዚያ አገር ዋና ምግብ ጆላዳ ሮቲ ነው፣ የማሽላ ቂጣ። በውኃ ነው የሚጋገረው፣ ከምስር ወይም ከባድንጃን ወጥ ጋር ይቀርባል። እናትሽ ማሽላ ሲያዩ አገራቸው የገቡ ይመስላቸዋል። ስታዢ "ቱፓ ቤዳ፣ ሞሳሩ ቤዳ" በዪ፣ ቅቤ አልፈልግም፣ እርጎ አልፈልግም ማለት ነው። ከምግብ በኋላ አሬራም ያመጣሉ፣ እሱንም መልሺ።

መግቢያው እኔ ስሄድ ለሕንዳውያን 40፣ ለውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ነበር። ተማሪ ነኝ ብለሽ አትከራከሪ፣ ጊዜሽን ነው የምታጠፊው። የትምህርት ቤት ልጆች ፎቶ አብረን እንነሳ ብለው ይከቧችኋል፤ እናትሽ ከደከሙ ፈርጠም ብለሽ እምቢ በዪ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ደህና ነው። ይህን የምታነቡ ሌሎች ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባትሄዱ ይሻላል፣ ሙቀቱ አይቻልም። በክረምቱም ወንዙን ጠይቃችሁ ተነሱ፤ በ2019 ማላፕራብሃ ሞልቶ ግቢው ውኃ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ሌላውን የጥንት መቅደሶች መንደር አይሆሌን ጨምሩ፣ ከፓታዳካል 15 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እናትሽ ከደከሙ ግን ባዳሚ ሐይቁ ዳር አስቀምጫቸው። የመመለሻ ትኬቱን ከመሄጃው ጋር አብረሽ ቁረጪ፣ ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል።