የጀልባ ሞተር ከፍታና የቡሎን ቀዳዳ፦ ጠይቁኝ

ከጀልባ ኋላ ሞተር መስቀልና ማውረድ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ስለ ሞተር ከፍታና ስለ ቡሎን ማሸግ ጠይቁኝ» ብል ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አዲስ ሞተር ልሰቅል ነው። ከፍታውን ከምን ተነስቼ ልለካ?

መልስ፦ ከፕሮፔለሩ በላይ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ብረት አለ አይደል? «ክንፉ» እንበለው። ሞተሩን ቀጥ አድርገህ አቁመው። ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ ከጀልባዋ ሆድ ሥር፣ መሃል ላይ አስጠጋና እስከ ሞተሩ ድረስ ወደ ኋላ አሳልፈው። ክንፉ ከጣውላው ጋር እኩል ከሆነ ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ጥሩ መነሻ አገኘህ። መነሻ ነው ያልኩት። የመጨረሻውን የሚነግርህ ውሃው ነው።

ሞተሩን ገና ካልገዛኸው የእግሩን ርዝመት እይ። የተለመዱት 15፣ 20 እና 25 ኢንች ናቸው፤ ማለትም ወደ 38፣ 51 እና 64 ሴንቲ ሜትር። ይሄ ከጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ቁመት ጋር ካልገጠመ ቀዳዳ በመቀየር አትወጣውም።

ጥያቄ፦ ውሃው እንዴት ነው የሚነግረኝ?

መልስ፦ እንደ ወትሮው ጭነትህን ጫን። ሰው፣ ነዳጅ፣ ዕቃ፣ ሁሉንም። ባዶ ጀልባ ላይ የተለካ ከፍታ ያታልላል። ጀልባዋ ፍጥነት ይዛ ውሃው ላይ ስትንሳፈፍ፣ ሌላ ሰው መሪ ይያዝልህና ወደ ኋላ እይ። ክንፉ የውሃውን ገጽ እየላሰ፣ እየታየ እየጠፋ የሚሄድ ከሆነ በጣም ቅርብ ነህ። ጨርሶ ካልታየህና ሞተሩ ዙሪያ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ከሆነ ሞተሩ ዝቅ ብሏል። ሳያስፈልግ ብረት ውሃ ውስጥ እየጎተትክ ነው፤ መሪውም ይከብድሃል፣ ነዳጁም ያልቃል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ቀዳዳ ከፍ አደርጋለሁ፣ እሞክራለሁ። እንደገና አንድ ቀዳዳ። ጠበቅ ባለ መታጠፊያ ላይ ፕሮፔለሩ ውሃውን መልቀቅ ሲጀምር፣ አንድ ቀዳዳ ወደ ታች እመልሳለሁ። በቃ። በብዙ ሞተሮች በሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 19 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ልዩነቱን ግን ስትነዳ ታውቀዋለህ።

ዓይንህን ከማቀዝቀዣው ውሃ እንዳትነቅል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል የውሃ መግቢያው አየር ይስባል። ከሞተሩ ወደ ውጭ የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ከተቆራረጠች ወይም የውሃ ግፊት መለኪያው ከወረደ፣ ፍጥነቱ ምንም ያህል ቢያምርም ወደ ታች መልሰው።

ጥያቄ፦ ስታጠፍ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። ካቪቴሽን ነው አሉኝ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ካቪቴሽን አይደለም፣ እህቴ። ካቪቴሽን ማለት የፕሮፔለሩ ምላጭ ላይ ግፊቱ ከመውረዱ የተነሳ ውሃው ራሱ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ነው። ያንቺው ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ስቦ ነው። አየር ውስጥ የሚዞር ፕሮፔለር የሚገፋው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ዙሩ በድንገት ይሰቀላል። መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጊው። ያው ከሆነ የፕሮፔለሩን ምላጭ እዪ፤ የተበላ ወይም የታጠፈ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከፍ ለማድረግ ጀልባዋ ላይ አዲስ ቀዳዳ ልብሳ?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! የጀልባዋ ቀዳዳ ባለበት ይቆያል። የሚቀየረው የሞተሩ ማቀፊያ፣ ማለትም ሞተሩን ከጀልባዋ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይምታታበታል፦ ሞተሩን ከፍ ለማድረግ ቡሎኑ የሚገባው በማቀፊያው ዝቅ ያለ ቀዳዳ ውስጥ ነው።

ቡሎን ከመፍታትህ በፊት የሞተሩ ክብደት በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ይያዝ፤ ማንጠልጠያ ቀለበቱ ሞተሩ አናት ላይ አለ። «ሁለት ጎረምሳ ይይዝልኛል» የምትሉ፣ ተዉ። የእጅ ጣት መለዋወጫ የለውም።

ጥያቄ፦ ለቡሎኖቹ የትኛው ማሸጊያ ይሻላል?

መልስ፦ በጣም የተደጋገመው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔ ግን ከማሸጊያው በፊት ስለ ቀዳዳው ነው የምጠይቃችሁ። የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባ የኋላ ግድግዳ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። ቀዳዳው ውስጥ እንጨቱ ራቁቱን ከሆነ፣ ምርጡ ማሸጊያ እንኳ አንድ ቀን ይሸነፋል። ስለዚህ ቀዳዳውን በሰፊ ፑንታ ብሱትና በወፈረ የኢፖክሲ ሙጫ ሙሉት። ሲደርቅ በትክክለኛው ልክ መልሳችሁ ብሱት። አሁን ቡሎኑ የሚነካው ኢፖክሲን ነው። ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም።

ከዚያ የቀዳዳውን የውጭ አፍ ትንሽ አስፉት። ማሸጊያው እዚያ ተቀምጦ እንደ ጎማ ቀለበት ይሆናል። በአሴቶን ጥረጉ። ማሸጊያውን ቀዳዳው ዙሪያና የቡሎኑ አንገት ላይ ቀቡ። ቡሎኑ ከውጭ ከገባ በኋላ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ጥርቅም አድርጎ ይያዝ፤ ከውስጥ ዳዶው ብቻ ይዙር። ቡሎኑ ከዞረ ማሸጊያውን ጠራርጎ ያወጣዋል። ከውስጥ በኩል ማሸጊያ አልቀባም። ውሃ ካለፈ ማየት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱንም ጎን ከዘጋችሁት ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይታፈናል። ከዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሳህን ይግባ።

ዓይነቱን ካላችሁኝ፣ ለባህር ሥራ የተሠራ ፖሊሰልፋይድ ወይም መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፖሊዩሪቴን። 5200 የሚባለው ማሸጊያ ለዘላለም ለሚጣበቅ ነገር ነው። ነገ ከፍታ ልትቀይሩ ከሆነ ራሳችሁን ትረግማላችሁ። የቤት ሲሊኮን ደግሞ አታምጡብኝ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ ጀልባ በሲሊኮን አሽጌ፣ ኋላ ቡሎኑን ስስበው ቡናማ ውሃ ተከትሎት ወጣ። ሲሊኮኑ የነካው ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ማሸጊያ አልይዝ ብሎ አሳሩን አበላኝ።

የወጣ ቡሎን ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይታሸግ። በተለይ የታችኞቹ ሁለቱ፤ ጀልባዋ ስትቆም ውሃ ውስጥ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዳዶው ግማሽ መንገድ ላይ ነክሶ ቀረ።

መልስ፦ ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ቶሎ ሲጠብቅ ይነካከሳል። በኤሌክትሪክ መፍቻ አጥብቀህ ይሆናል። ያኛውን ቁረጠውና ለሚቀጥለው ጥርሱ ላይ መነካከስ የሚከላከል ቅባት ቀባ፣ በእጅ ቀስ ብለህ አጥብቅ። ልኩ ሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ጥቂት ሰዓት ከነዳህ በኋላ እንደገና ፈትሽ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው መበስበሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለው ይምቱት። ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ከዚያ የሞተሩን እግር ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ ስለ ማሸጊያ ማሰቡን ይተዉና ግድግዳውን ያሠሩ።

ጥያቄ፦ የኔ ጀልባ አሉሚኒየም ናት።

መልስ፦ መበስበሱ ቀረልህ፣ መበላቱ መጣ። ስቴንለስና አሉሚኒየም በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። ቡሎኑን ሙሉ በሙሉ በማሸጊያ ልበጠው፣ ሮንዴላው ሥር ናይለን አስገባ። መዳብ ያለበት ቅባት አይንካው።

ጥያቄ፦ ጃክ ፕሌት ብገጥምስ?

መልስ፦ ጃክ ፕሌት በግድግዳውና በሞተሩ መካከል የሚገባ ማያያዣ ብረት ነው። ሞተሩን ወደ ኋላ ስለሚያርቀው ከፍታው ይቀየራል። ከጀልባዋ ኋላ የሚሄደው ውሃ ወደ ላይ ይነሳል፤ ለየ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ጀምር። ቀስ ብላ ለምትሄድ የሸራ ጀልባ ግን ይሄ ሁሉ ስሌት አይሠራም። እሷ ፍጥነት ይዛ ከውሃው ከፍ ስለማትል ፕሮፔለሩ በደንብ ይጠመቅላት።