የአኳሪየም መስታወት ላይ የተጋገረ ነጭ እድፍ፦ ፍተጋውን ተውና ጊዜ ስጠው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ያልካት ነገር አስደነገጠችኝ። ያገለገለ አኳሪየም ገዝተህ የውሃው መስመር ላይ ዙሪያውን ነጭ ነገር ተጋግሮበት፣ በሳሙናና በስፖንጅ ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቅ አለህ፣ አሁን በረኪናና አቼቶ ቀላቅዬ ልሞክር ወይ ነው ያልከው። እባክህ እንዳትሞክረው! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው፣ አንተ ደግሞ ጭንቅላትህን ታንኩ ውስጥ አስገብተህ ነው የምትሰራው። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ለዚህ አይሆንም፣ እሱ ጀርምና አልጌ ይገድላል እንጂ ድንጋይ አያሟሟም።

ድንጋይ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ያ ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሺየም ካርቦኔት ነው፣ የኖራ ድንጋይ የተሰራበት ነገር ማለት ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚይዘው ነጭ ቅርፊትም እሱው ነው። አንዳንዱ ውሃ ውስጥ ብዙ ካልሺየምና ማግኒዢየም ሟሙቶ አለ፣ ውሃው ሲተን ግን የሚሄደው ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፣ ማዕድኑ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ ለዛ ነው ሁሌ ላይኛው መስመር ላይና ፊልተሩ በሚረጭበት ጥግ በኩል የሚብሰው። ሳሙና የሚያነሳው ቅባት ስለሆነ ይሄን አይነካውም፣ እንደውም ሳሙና አኳሪየም አጠገብ ባይደርስ ነው የሚሻለው፣ ጥግ ላይ የቀረ ትራፊ ዓሣዎቹን ይጎዳል።

ይሄን የሚፈታው አሲድ ነው፣ ለዛውም ቀላል አሲድ። ተራው ነጭ አቼቶ፣ 5 ፐርሰንት የሆነው፣ ይበቃል፣ ቅመም ወይ ቀለም ያለበትን ግን ተወው። ለሽንት ቤት ተብለው የሚሸጡትን ጠንካራ አሲዶችም አታስብ፣ ውስጣቸው ሳሙናና ሽቶ ምናምን አለ፣ ለዓሣ ቤት አይሆኑም።

አሁን ዋናው ነገር። አቼቶ ሞክሬ አልሰራም የሚሉ ሰዎችን ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ረጭተው ወዲያው መፈተግ ነው የጀመሩት። ቀጥ ብሎ በቆመ መስታወት ላይ የተረጨ አቼቶ እኮ ግማሹ ወዲያው ይወርዳል ግማሹ ይደርቃል፣ ስራውን ገና ሳይጀምር ማለት ነው። ስለዚህ ታንኩ ባዶ በመሆኑ ተጠቀምበት፣ መጀመሪያ በንጹህ ውሃ በደንብ አለቅልቀህ አሸዋና ጠጠሩን ጠርገህ አውጣ (አንድ ፍሬ አሸዋ ስፖንጁ ስር ከገባ መስታወቱን ይጭረዋል፣ አሸዋ ከመስታወት ይጠነክራል)፣ ከዛ ወፍራም ፎጣ አንጥፈህ ታንኩን በጎኑ አስተኛው፣ እድፍ ያለበት መስታወት ከታች ይሁን። ትልቅ ከሆነ ለብቻህ አታንሳው፣ ላይኛውን ጠርዝም ይዘህ አትሳብ። እድፉ ላይ ሶፍት ደርበህ አንጥፍና አቼቶ እስኪጠግብ አፍስስበት፣ ከላይ በላስቲክ ሸፍነው እንዳይደርቅ። መስኮት ክፈት፣ ሽታው ቀላል አይደለም። ትንሽ ቆይተህ የሶፍቱን ጫፍ ገለጥ ብታደርግ ጥቃቅን አረፋ ከነጩ ነገር ላይ ሲነሳ ታያለህ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ድንጋዩ እየተፈታ ነው ማለት ነው። አረፋው ካቆመና እድፉ ገና ካለ አቼቶው ጉልበቱ አልቋል፣ አዲስ ጨምር። ለስስ እድፍ ግማሽ ሰዓት አንድ ሰዓት ይበቃዋል፣ ለዓመታት ለተደራረበ ግን ሌሊቱን ማሳደር ነው፣ ካስፈለገም መድገም።

ሲሊኮኑን (መስታወቶቹን እርስ በርስ ያያያዘውን ማጣበቂያ) ይበላዋል ወይ ብለህ እንዳትሰጋ፣ የደረቀ ሲሊኮን በአቼቶ አይጎዳም፣ ብዙው የአኳሪየም ሲሊኮን ራሱ ሲደርቅ የሚሸተው አቼቶ አቼቶ ነው። ሲሊኮን የሚጎዳው ምላጭ ነው። ከተነከረ በኋላ የቀረውን ቅርፊት በአዲስ ምላጭ ማንሳት ትችላለህ፣ መስታወቱ እርጥብ ሆኖ፣ ምላጩን በደንብ አጋድመህ ወደ ፊት ብቻ እየገፋህ፣ ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ግን አቁም፣ እዛ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ተጠቀም። የብረት ሽቦውን የድስት መፈተጊያ አታስነካው።

ሽታው የማይስማማህ ከሆነ የሲትሪክ አሲድ ዱቄት 2 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠህ በተመሳሳይ መንገድ ተጠቀም፣ ሎሚም ይሰራል ግን ለትልቅ ታንክ ያደክማል። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅል የሚሉህን አትስማ፣ አረፋው ያምራል እንጂ አሲዱን ሶዳው ይጨርሰዋል፣ ለእድፉ የሚተርፍ የለም።

ሲያልቅ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቀው፣ አንዴ ሞልተህ ድፋው፣ ከዛ አድርቀህ ጥፍርህን ሂድበት። ሻካራ ከሆነ ገና ማዕድን አለ፣ ድገመው። ለስልሶ ግን አሁንም ጉም ጉም የሚል ከሆነ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል ወይም በጥቃቅን ጭረት ሞልቷል፣ እሱን አቼቶ አይመልሰውም፣ አትልፋ። ከውስጥ በኩል ከሆነ ውሃ ሲሞላበት አብዛኛው ስለማይታይ አትዘን።

ዓሣ ከገባበት በኋላ መስመሩ ሲመለስ ደግሞ (ይመለሳል)፣ ውሃውን ትንሽ ቀንስና ጨርቅ በአቼቶ አርሰህ በደንብ ጨምቀህ ደረቁን ክፍል ብቻ ጥረግ፣ ከዛ በውሃ በራሰ ጨርቅ ድገመው፣ ከዛ በኋላ ነው ውሃ የምትመልሰው። ውስጥ እንዳይንጠባጠብ፣ በተለይ ትንሽ ታንክ ከሆነ ፒኤቹን ቶሎ ያወርደዋል፣ ውሃው አሲድ አሲድ ይሆናል ማለት ነው። መስመሩን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ካበስክ ደግሞ እዚህም አትደርስም። በትነት የጎደለውን በዲስቲልድ ወይ በአርኦ ውሃ ሙላ (ሁለቱም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ናቸው)፣ በተራ ውሃ እየሞላህ ከሄድክ ማዕድኑ እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። ውሃ ስትቀይር ግን በለመዱት ውሃ ቀይር፣ ዓሣዎቹ ማዕድኑን ይፈልጉታል።

አንድ ያልነገርከን ነገር አለ፣ ታንኩ መስታወት ነው ወይስ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ጥርት ያለ ፕላስቲክ)? አንኳኳው፣ ድምፁ ድፍን ካለና ሲነካ ብዙም የማይቀዘቅዝ ከሆነ አክሪሊክ ሳይሆን አይቀርም፣ እንደዛ ከሆነ ምላጩን ሙሉ በሙሉ እርሳው፣ በፕላስቲክ ካርድ ነው የምትፍቀው፣ አቼቶውንም በውሃ ግማሽ በግማሽ አቅጥነህ ጀምር።