«አዙሌዡ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ስለ ሊዝበን የድሮ ቤቶች የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ግድግዳቸውን የሸፈነውን፣ ሥዕል ያለበትንና የሚያብረቀርቀውን ሸክላ «የተወለወለ ጥንታዊ ጡብ» ብዬዋለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ በፖርቱጋልኛ ስሙ «አዙሌጆስ» ይባል አለኝ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም መታረም ያለባቸው ይመስለኛል። ጡብ ግድግዳው ራሱ የሚገነባበት ወፍራም ነገር ሲሆን፣ እርስዎ የሚሉት ግን ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ፣ ጎኑ አብዛኛውን ጊዜ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ሸክላ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ «የተወለወለ» የሚለው ነው። መወልወል በማሸት የሚገኝ ልስላሴ ነው፤ ጀበና ሠሪዋ ጭቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር ደጋግማ የምታሸው ለዚህ ነው። የሊዝበኑ ሸክላ የሚያብረቀርቀው በሌላ መንገድ ነው፤ አንድ ጊዜ በእሳት ከተተኮሰ በኋላ ቲን ኦክሳይድ የሚባል ነጭ የብረት ውሁድ ያለበት ነጭ ፈሳሽ ይለብሳል፣ ሠዓሊው በዚያ ነጭ ገጽ ላይ ለምሳሌ በኮባልት ሰማያዊ ይሥልበታል፣ ዳግመኛ ሲተኮስም ሽፋኑ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ከሸክላው ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ «የተቀባ» ማለትም አይበቃም። ታቦቱ በወርቅ ተለበጠ የምንልበት «ለበጠ» ለዚህ የተሻለ ግስ ስለሆነ፣ እኔ «ልብጥ ሸክላ» እላለሁ። «ሴራሚክ» ስሕተት ባይሆንም፣ አንባቢው የመታጠቢያ ቤቱን ወለል እንዲያስብ ያደርገዋል።

ስሙን በተመለከተ፣ ብዙዎች «አዙል» ከሚለው፣ ሰማያዊ ማለት ከሆነው የፖርቱጋልኛ ቃል የመጣ ይመስላቸዋል። ምንጩ ግን ዓረብኛው «አዝ-ዙለይጅ» ነው፤ በሊዝበን አቅራቢያ በሚገኘው የሲንትራ ቤተ መንግሥት ካሉት፣ ከስፔኗ ከተማ ከሴቪል ከመጡት ቀደምት ሸክላዎች መካከልም አረንጓዴዎች አሉ። የዓረብኛው ቃል ከልስላሴ ጋር ስለሚያያዝ የእርስዎ «የተወለወለ» ከሥሩ እጅግ የራቀ አይደለም፤ ሆኖም የቃሉ ሥር የዕቃውን አሠራር አይገልጽም።

አጻጻፉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፖርቱጋልኛ ድምፁ «ዠ» ነው፤ በስፓኒሽ ወደ «ሀ» ይጠጋል፤ «ጀ» በሁለቱም የለም። ለዚህ ድምፅ የራሱ ፊደል ያለው አማርኛ «ጆ» ብሎ መጻፉ ያሳዝነኛል። መጨረሻ ላይ ያለው «ስ» የብዙ ቁጥር ምልክት ስለሆነ «አዙሌጆሶች» ከተባለ ብዙው ሁለት ጊዜ ተበዛ ማለት ነው። «አዙሌዡ»፣ ሲበዛም «አዙሌዡዎች» ይበሉ። «ጥንታዊ»ንም ለአክሱም ዘመን ዓይነቱ ይቆጥቡት፤ ለ18ኛው መቶ ዘመን ቤት «የቆየ» ይበቃል።

መጀመሪያ ሲጠቅሱት እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦ «የደረጃው ግድግዳ ከወገብ በታች በ18ኛው መቶ ዘመን አዙሌዡ፣ ማለትም ሥዕል ባለበት ልብጥ ሸክላ፣ ተሸፍኗል።» ከዚያ በኋላ «አዙሌዡ» ብቻ ማለት ይችላሉ።