ተከታዩ ሞልቶ ገዢ ጠፋብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ የመጡት ከከተማው ዳር ነው፤ ከአራብሳ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከጀሞ። ሦስቱም ስለ ገበያ ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጉዳይ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባልትና ከከፈትኩ አንድ ዓመት ሆነኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ በሶና ቅመማ ቅመም አለኝ። ሁሉንም ከእናቴ ጋር ሆነን በእጃችን ነው የምናዘጋጀው። የቴሌግራም ቻናሌ 60 ሰው ብቻ ነበረው። አንድ ልጅ «ተከታይ አስገባልሻለሁ» አለኝና 3,500 ብር ከፈልኩት። አሁን 4,100 ተከታይ አለኝ፤ ከእነሱ ግን አንድም ሰው ደውሎ አያውቅም። ዋጋ ስለሚለዋወጥ «በውስጥ መስመር ጠይቁ» ነው የምለው፣ የሚጠይቅም የለም። ጎረቤቶቼ እንኳን በርበሬ የሚገዙት መርካቶ ሄደው ነው። ምን ጎደለኝ?
የባልትናዋ፣ ከአራብሳ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እዪልኝ። ቻናልሽን ክፈቺና ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብቢ። ጽሑፉን ስንት ሰው እንዳየው የሚነግርሽ እሱ ነው። 4,100 ተከታይ እያለሽ እዚያ ጋ 50 ወይም 70 ካለ፣ የከፈልሽባቸው ተከታዮች አብዛኞቹ በጅምላ የተከፈቱ ባዶ አካውንቶች ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ገዢ አይወጣም። የሄደው ብር ሄዷል፣ እሱን እያሰብሽ አትጎጂ። እኔም የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በነበረኝ ጊዜ ለፌስቡክ ገጼ ላይክ ገዝቼ አውቃለሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት በሱቄ በር የሚያልፉት ወላጆች ደብተር እንደምሸጥ አያውቁም ነበር፤ ያኔ ነው ገንዘቤን የት እንዳጠፋሁት የገባኝ።

ምክሬ ቻናሉን ተዪውና አዲስ ክፈቺ ነው። ከባድ ይመስላል፣ ግን 60ዎቹን እውነተኛ ሰዎች ይዘሽ ብትጀምሪ ቢያንስ የምታዪው ቁጥር እውነት ይሆናል። ዛሬ የጻፍሽው ሠርቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ ልምጣ። ተፎካካሪዬ ከብሎኩ ማዶ ያለችው ባልትና ናት ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አይመስለኝም። ከተማ ዳር የሚኖር ሰው ጠዋት ገና ሳይነጋ ወጥቶ መሀል ከተማ ይውላል፣ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። የሚውልበት አካባቢ ገበያ ስላለ የሚያስፈልገውን እዚያው ገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ የምትወዳደሪው ከመርካቶና ደንበኛሽ ከሚሠራበት ቢሮ አጠገብ ካለው ሱቅ ጋር ነው። መርካቶን በዋጋ ማሸነፍ ይከብድሻል። በአንድ ነገር ግን ታሸንፊያለሽ፦ አምስት ኪሎ በርበሬ ይዞ በአውቶቡስ ግፊያ ውስጥ ቆሞ አራብሳ ድረስ መምጣት አድካሚ ነው፣ አንቺ ጋ ግን ከፌርማታው ወርዶ ጥቂት ደቂቃ መራመድ ነው። ይህንኑ ንገሪያቸው። «ከመርካቶ አትሸከሙ፣ በርበሬው ብሎካችሁ ድረስ ይመጣል» ብለሽ ጻፊ። ከዚያ ደግሞ አድርጊው፤ ሰፈር ውስጥ ላለ ሰው የሚያደርስ አንድ የሰፈር ልጅ ይበቃሻል።

የምትለጥፊበት ሰዓትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ሰዉ ወይ ሰልፍ ላይ ነው ወይ አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ስልኩ ደግሞ እጁ ላይ ነው። «ማታ ስታልፉ ውሰዱ» የምትይው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የለጠፍሽውን ማታ ሲከፍት የሌሎች ቻናሎች ወሬ ተከምሮበት ነው የሚያገኘው።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዳዩ እምነት ነው። የተፈጨ በርበሬ ከማያውቁት ሰው መግዛት ያስፈራል። ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል የሚለውን ሥጋት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሸክላ ተፈጭቶ ተጨመረበት ሲባል ያልሰማ ቤት የለም። ለዚህ ነው ብዙ እናቶች ዛላውን ራሳቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ቀንጥሰው፣ ወፍጮ ቤት ቆመው የሚያስፈጩት። አንቺ ይህን ፍርሃት «ንጹሕና ጥራት ያለው» ብለሽ በመጻፍ አታጠፊውም። እንደዚያ የማይጽፍ የለም። አሳዪያቸው። እናትሽ ዛላውን ሲቀነጥሱ፣ በርበሬው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደለዝ፣ ሲሰጣ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል፣ ወፍጮ ቤት ሲገባ፣ እያንዳንዷን ሥራ ለ30 ሰከንድ በስልክሽ ቅረጪ። ሙዚቃ አትጨምሪበት። እናትሽ «እቺ በሶብላ ትንሽ ትብዛ» ሲሉ የሚሰማው ድምፅ ከየትኛውም ዘፈን ይበልጣል። ፊታቸው እንዲታይ ካልፈለጉ እጃቸው ይበቃል። ሌላም ነገር አድርጊ፦ «ቅዳሜ እንደልዛለን፣ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ» ብለሽ ጋብዢ። የሚመጣው ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። ግብዣውን ያነበቡት ሁሉ ግን የምትደብቂው ነገር እንደሌለ ይገባቸዋል።

እነዚህን ቪዲዮዎች ቲክቶክም ላይ ጫኛቸው። ቲክቶክ ቪዲዮሽን ለማይከተልሽ ሰውም ያሳያል፣ የቴሌግራም ቻናል ግን በአብዛኛው ለገባበት ሰው ነው የሚደርሰው። አንዱ አዲስ ሰው ያመጣልሻል፣ ሌላው የመጣውን ይይዝልሻል። ቪዲዮው ላይ «አራብሳ» የሚለውን ቃል በጽሑፍም በንግግርም አትርሺ፤ ካለዚያ የትም ያለ ሰው አይቶት ያልፋል። (ውጭ አገር ላለ ዘመዱ በርበሬ የሚልክ ሰው ግን ጥሩ ደንበኛ ነው፣ ለመንገድ የሚሆን አስተሻሸግ እንዳለሽ ካሳየሽ ከሩቅም ይመጣል።)

አሁን ዋጋ። እባክሽ «በውስጥ መስመር ጠይቁ» የሚለውን ነገር ተዪው። ይህ ነገር ስንቱን ደንበኛ እንደሚያባርር ብታውቂ አንድ ቀን አታሳድሪውም። ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል። ጠይቆ ካልገዛ የሚታዘቡት ይመስለዋል፣ ወይም አቅሙን አይተው ዋጋ ሊጨምሩብኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ዝም ብሎ ያልፋል፣ አንቺም ማን እንዳለፈ አታውቂም። ዋጋ ይለዋወጣል ያልሽው እውነት ነው። ታዲያ ቀን ጻፊበት፦ «ከኅዳር 10 ጀምሮ የአንድ ኪሎ ይህን ያህል፣ የግማሽ ኪሎ ይህን ያህል»። ሲለወጥ እዚያው ላይ አስተካክዪው። ይህን ጽሑፍ ቻናሉ አናት ላይ ሰክተሽ አስቀምጪው፣ አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱ ይሁን። ግማሽ ኪሎውንና ሩቡን አትርሺ፣ የወሩ መጨረሻ አካባቢ ኪሎ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ብዙ ሰው አለ።

ምን ልለጥፍ ብለሽ እንዳትጨነቂ የዘመን መቁጠሪያው ራሱ ይነግርሻል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1። ሽሮሽን ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብለሽ አሳዪ፣ ከገባ በኋላማ ሁሉም ገዝቷል። ለገናና ለፋሲካ ደግሞ የዶሮ ወጥ በርበሬ። ረመዳን ሲቃረብ ሙስሊም ጎረቤቶችሽ ለሾርባ የሚሆን አጃ ይፈልጋሉ፣ ከሌለሽ አስገቢ። ደመወዝ ከወጣ በኋላ ያሉትን ጥቂት ቀናትም ዝም ብለሽ አታሳልፊ።

የብሎካችሁ ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ካላቸው እዚያ ከመለጠፍሽ በፊት አስተባባሪውን አስፈቅጂ። በየቀኑ ማስታወቂያ የምትለጥፍ ጎረቤት ትሰለቻለች፣ በወር አንዴ ግን ማንም አይከፋውም። ቴሌግራም የቻናል ባለቤት ከስልክ ማውጫው እስከ 200 ሰው ራሱ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ሳትጠይቂ ግን ማንንም አታስገቢ።

አንድ ደብተር ግዢ። የገዛ ሰው ሁሉ ሲመጣ «የት አይተውን መጡ?» በዪና ጻፊ። ጎረቤት ነገረችኝ፣ ቲክቶክ ላይ አየሁ፣ ሳልፍ ሸተተኝ፣ የተባልሽውን ሁሉ። ከሁለት ወር በኋላ ጊዜሽን የት ላይ ማዋል እንዳለብሽ ከእኔ ይልቅ ደብተሩ ይነግርሻል። ለአዲስ ደንበኛ ደግሞ ትንሽ ምጥን በምርቃት ጨምሪ፣ ቀምሶ ካልወደደው ቢያንስ ምክንያቱን ይነግርሻል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የበረንዳና የደረጃ መከለያ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 63 ነው። ልጄ «ዌብሳይት ከሌለህ ማንም አያገኝህም» ይለኛል። ሠሪው 40,000 ብር ጠየቀኝ። ልክፈል?
ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ጋሼ፣ አሁን አይክፈሉ። ልጅዎ ልክ ነው፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሊያገኝዎት ይገባል። ግን መጀመሪያ በነጻ የሚሆነውን ይጨርሱ።

እሱም ጎግል ካርታ ነው። ሥራ ቤትዎን እዚያ ላይ ለማስመዝገብ ምንም አይከፈልም፣ «ጎግል ላይ ላስገባዎ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ የሚከፍሉት ለድካሙ ብቻ መሆኑን ይወቁ። ልጅዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ጎግል ቦታው የእርስዎ መሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል። ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ የሆነ። መንገዱንና አካባቢውን፣ የሥራ ቤቱን ታፔላ፣ መበየጃውንና ዕቃውን ያሳዩ፣ ከዚያ በሩን በቁልፍዎ ሲከፍቱ ይታይ። ታፔላ ከሌለዎት መጀመሪያ እሱን ያሠሩ፣ ለነገሩ እርስዎ ብረት ቤት ነው ያለዎት።

አድራሻውን ሲጽፉ ሰው በሚያውቀው ምልክት ይጻፉ። እኛ አገር ሰው ቦታ የሚያገኘው «ከአደባባዩ አለፍ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ሲባል እንጂ በቁጥር አይደለም። ከዚያ ፎቶ። የሠሩትን በር ገና ሥራ ቤት እያለ ሳይሆን ቤቱ ላይ ከተገጠመ በኋላ ያንሱት፣ ባለቤቱን አስፈቅደው። አዲስ ቤት የገባ ሰው ማየት የሚፈልገው እንደሱ ዓይነት ቤት ላይ ምን እንደሚመስል ነው። ሥራው ተገጥሞ ባለቤቱ ደስ ባለው ሰዓት እዚያው ቆመው «ካርታው ላይ ሁለት መስመር አስተያየት ይጻፉልኝ» ይበሉት። ነገ ከነገ ወዲያ ከተባለ ይረሳል። ለአስተያየት ገንዘብ ወይም ቅናሽ መስጠት ግን ጎግል ይከለክላል፣ አይሞክሩት።

ይህን አድርገው ስድስት ወር ቆይተው አሁንም ዌብሳይት ካማረዎት ያሠሩ። ያኔ አንድ ነገር አደራ፦ የዌብሳይቱ ስም በእርስዎ ስም ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉም በእርስዎ እጅ ይሁን። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሳያደርግ ቀርቶ ሠሪው ስልኩን ሲዘጋበት ለሦስት ዓመት የሠራበትን ስም አጣው። ገጹንም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በእርስዎ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ይክፈቱት። ቶሎ ካልተከፈተልዎ ለደንበኛም አይከፈትም።

ጥያቄ፦ ጀሞ የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ቴሌግራም ላይ ፈልገን አጣንሽ ይሉኛል። የቤቱ ስም በ«ፀ» ነው የሚጀምረው።
ከጀሞ

መልስ፦ ምክንያቱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ለእኛ «ፀ» እና «ጸ» አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንቺ በአንዱ ጽፈሽ ደንበኛሽ በሌላው ከፈለገች ላታገኝሽ ትችላለች። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» እና «ሰ፣ ሠ» ላይም ያው ነው። ጸጉር የሚለው ቃል ራሱ በሁለቱም ይጻፋል፣ ስለዚህ ችግሩ እጥፍ ነው ያለብሽ። ዛሬ ማታ የጓደኛሽን ስልክ ተቀብለሽ በሁለቱም ፊደል ፈልጊ፣ በየትኛው እንደምትጠፊ ታዪዋለሽ። ከዚያ የቻናሉን ስም ብዙ ሰው በሚጽፍበት ፊደል አድርጊው፣ ሌላውን አጻጻፍ መግለጫው ላይ አስገቢ። ጎግል ካርታና ቲክቶክ ላይም እንዲሁ።

የቴሌግራም መለያው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለሆነ «ፀ»ን አንዷ በቲ-ኤስ፣ ሌላዋ በቲ-ዜድ ነው የምትጽፈው። አጭርና አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለው ቃል ምረጪ፣ «ጀሞ» የሚለውን ብትጨምሪበት ጥሩ ነው። ከዚያ መለያውን ወረቀት ላይ አሳትመሽ መስተዋቱ ላይ ለጥፊው። አንዲት ሴት ሹሩባ እየተሠራች ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች፣ እዚያው ሆና ትገባለች።